ማሽን መንቀል መግደል ነውን? የካቶሊኮች መልስ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ የጤና ተማሪዎች፣ ነገ በሥራ ላይ "ማሽኑ ይነቀል ወይስ ይቆይ?" ብለው የሚጨነቁ የካቶሊክ ቤተሰቦች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። እምነታቸው ምን እንደሚል አውቆ መገኘት አማና ነው።

በካቶሊክ አስተምህሮ ሕይወት የፈጣሪ ስጦታ ናት፤ ሰው ባለአደራ እንጂ ባለቤቷ አይደለም። ስለዚህ ታማሚው ራሱ ቢለምን እንኳ እሱን ሆን ብሎ መግደል ክልክል ነው። ይሁን እንጂ ሞትን በማንኛውም ዋጋ ማዘግየት ግዴታ አይደለም። ፖፕ ፒዮስ 12ኛ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው የሚገደደው በተለመደው መንገድ ለመታከም እንደሆነና ከባድ ሸክም የሚጥል ሕክምና ግን ግዴታ እንዳልሆነ አስረድተዋል። የቫቲካን የ1980 መግለጫም የሚጠበቀው ጥቅም ከሸክሙ፣ ከወጪውና ከታማሚው አቅም ጋር ይመዘን ይላል። እንግዲህ ጥያቄው "መሣሪያው ምን ዓይነት ነው?" ሳይሆን "ለዚህ ታማሚ ምን ይፈይዳል?" የሚል ነው።

የአሜሪካዊቷ ካረን አን ኩዊንላን ታሪክ ይህንን ያሳያል። በ1975፣ በ21 ዓመቷ፣ ራሷን ስታ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ዋለች። ካቶሊክ ወላጆቿ ከቄሳቸው ጋር ተመካክረው መሣሪያው እንዲነሳ ጠየቁ፤ ሐኪሞቹ እምቢ ሲሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአካባቢው ጳጳስ ወላጆቹን ደገፉ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ፈቀደ። መሣሪያው ሲነሳ ካረን በራሷ መተንፈስ ቀጠለች፤ እስከ 1985ም ኖረች። ወላጆቿ በቱቦ የምታገኘው ምግብ እንዲቋረጥ አልጠየቁም። ሸክሙን ማንሳት ፈለጉ እንጂ ሞቷን አልፈለጉም። በ2004 ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም ምግብና ውኃ፣ በቱቦም ቢሆን፣ በመርህ ደረጃ ሊነፈጉ የማይገባቸው መሠረታዊ እንክብካቤ ናቸው ብለዋል።

በእኛስ? ነፍስ ማጥፋት ሐራም መሆኑ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1986 አማን ላይ፣ የአንጎል ሥራ ሙሉ በሙሉ መቆሙንና እንደማይመለስ ባለሙያ ሐኪሞች ካረጋገጡ መሣሪያውን ማንሳት እንደሚቻል ወስኗል። የካቶሊኮቹ መመዘኛ ግን አንጎሏ ጨርሶ ያልሞተውን ካረንንም ይጨምራል። ስለዚህ አንዱን በሌላው አንተካ፤ የራሳችን ቤተሰብ ጉዳይ ሲገጥመን ዑለማዎችን እንጠይቅ። የእነሱ ሲገጥመን ደግሞ ማሽን እንዲነሳ የጠየቀን አባት "ልጁን ሊገድል ነው" ብለን አንፍረድበት።

ወላሁ አዕለም።