ከሰደድ እሳት በኋላ፡- ለምድሪቱ ዕረፍት፣ ለአራዊቱም መጠጊያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኢዩኤል ሕዝቡን ለንስሓ በጠራበት ምዕራፍ፣ እሳት ማሰማርያውንና የዱሩን ዛፍ በበላ ጊዜ የምድር አራዊት ወደ እግዚአብሔር እንደ ጮኹ ይነግረናል (ኢዩ. 1፥19-20)። የሰውን ልመናና የአራዊቱን ጩኸት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱንም የሚሰማው አንድ አምላክ ነውና፣ በተራራ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ የእኛ ኃላፊነት ቤታችንንና እርሻችንን በማዳን ብቻ አይፈጸምም።

በሀገራችን ይህን በዐይናችን አይተነዋል። በ2004 ዓ.ም. በበጋው ወራት የአሰቦት፣ ቀጥሎም የዝቋላ ገዳማት ደኖች በተቃጠሉ ጊዜ ምእመናን በቅጠልና በአፈር ከእሳቱ ጋር ታግለዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ማሕሌታይ ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈባቸው የሰሜን ተራሮች ተቃጠሉ። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያ፣ እንዲሁም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ብሔራዊ ፓርክ እስከ ሚያዝያ ድረስ በነበልባል ተፈተነ። የአካባቢው ገበሬና ወጣት ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ተሰልፎ ሲዋጋ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል።

እሳቱ ሲጠፋ ግን ሰዉ ወደየቤቱ ይመለሳል። አራዊቱ የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ከዚያች ቀን በኋላ ያሉትን ወራት ነው። በተለይ በአዊ ዞን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባሉ የደጋ መንደሮች የሚኖሩ ምእመናን፣ በአካባቢያቸው ጋራ ወይም በቤተ ክርስቲያናቸው ደን ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው እንመለከታለን።

እሳት የሚወስደውና የሚያስቀረው

የተቃጠለ ተራራ የሞተ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሕይወት ከአፈር በታች ይቀራል። በሰሜን ተራሮች በብዛት የሚበቅለው አስታ ግንዱ ቢነድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ወይራም ከጉቶው ይለመልማል። የእንጅባራ ደጋ መታወቂያ የሆነው ቀርከሃ በመሬት ውስጥ በተዘረጋው ሥሩ አማካይነት በክረምት አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ጽድ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከነደደ ተመልሶ የሚመጣው ከዘር ነው፤ ዘሩንም ከሌላ ስፍራ የሚያመጡት ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ናቸው።

በጉድጓድ የሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎችም ብዙ ጊዜ ከነበልባሉ ይተርፋሉ። ችግራቸው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚበሉት ሣር፣ የሚሸሸጉበትም ጥሻ የለም። እነርሱ ሲያልቁ ቀይ ቀበሮ ይራባል፤ ዋነኛ ምግቡ እነዚህ ትናንሽ እንስሳት ናቸውና። ሚዳቋና ድኩላም መጠለያ ስለሚያጡ ለውሻና ለአዳኝ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ከእሳቱ ይልቅ ከእሳቱ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ብዙ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ምድሪቱን ማሳረፍ

ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ የተቃጠለውን ስፍራ ማሳረፍ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የሚወጣው ለምለም ሣርና ቡቃያ ከብቱን ይስባል። ያን ቡቃያ ከብት ከጋጠውና ከረገጠው ግን ሥሩ ያጠራቀመውን ኃይል ጨርሶ ይደርቃል፤ አመድ የሸፈነው አፈርም በክረምቱ ጎርፍ ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ ከቤተ ክርስቲያናችን ዐፀድ ተገኝቷል። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቦታ ችግኞች የተሻለ እንደሚበቅሉና እንደሚያድጉ አሳይተዋል። ከዚህም የተነሣ በበርካታ አጥቢያዎች ምእመናን ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ የደናቸውን ዙሪያ አጥረዋል። የሰሜን ተራሮች ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ፓርኩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ምክንያቱ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት የዋልያውም መመናመን ነበር። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው።

ዋጋውን ማን ይክፈል?

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ለአዊ ገበሬ ግጦሽ ቀላል ነገር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በሚያከብርበት ምድር፣ ፈረስ የቤተሰብ ክብር ነው፤ በሬም የእርሻው ጉልበት ነው። ጋራው ሲከለከል ሰፊ መሬትና የተከማቸ ድርቆሽ ያለው ሰው ይችለዋል። ሁለት ላም ያላት መበለት ግን አትችለውም። እርሷ በሌሊት ከብቷን ወደ ተከለከለው ስፍራ ብታስገባ፣ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ ነው ማለት እንችላለንን?

ቅዱስ መጽሐፍ መልሱን አስቀምጦልናል። እግዚአብሔር ምድሪቱ በ7ኛው ዓመት እንድታርፍ ባዘዘ ጊዜ፣ በዚያ ዓመት የበቀለው ለድሆች እንዲሆን፣ ከእነርሱ የተረፈውንም የምድር አራዊት እንዲበሉት አዝዟል (ዘጸ. 23፥10-11፤ ዘሌ. 25፥4-7)። በአንዱ ትእዛዝ ውስጥ ምድሪቱ፣ ድሀውና የዱር አውሬው አብረው ተጠሩ። እንግዲህ ድሀውን የሚያስርብ የመሬት ዕረፍት የእግዚአብሔር ዕረፍት አይደለም፤ አራዊቱን የሚረሳ ምጽዋትም ትእዛዙን አይፈጽምም።

አጥቢያ ምን ማድረግ ይችላል?

ከዚህ የተነሣ ሰበካ ጉባኤው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ጋራውን ከመዝጋቱ በፊት መኖ ማሰባሰብ ነው። ሰንበቴዎችና ጽዋ ማኅበራት ለበዓል እንደሚያዋጡት ሁሉ፣ ያለው ሰው አንድ ሸክም ድርቆሽ ወይም ጭድ ቢያዋጣ ለሌለው ቤተሰብ መሸጋገሪያ ይሆናል። ሣሩ ሲጠና ደግሞ ልቅ ግጦሽ ቀርቶ፣ ቡቃያውን ሳይነኩ ሣሩን ብቻ እያጨዱ በጓሮ መመገብ ይቻላል፤ የዕጣው ቅድሚያም ለድሆች ይሁን። ይህ ከቀበሌው አስተዳደርና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር በስምምነት ቢደረግ ጸንቶ ይቆያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚከተሉትን እንመክራለን፡-

ሳይቃጠል የቀረውን መጠበቅ። በእሳቱ መካከል የተረፈች ትንሽ ጥሻ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ለአራዊቱ መጠጊያ ናቸው። ጉሬዛና ጦጣ ወደዚያ ይሸሻሉ፤ የዛፍ ዘር የሚያመጡ ወፎችም ከዚያ ይነሣሉ። ለማገዶ ብሎ ከእነዚህ አንዲት ቅርንጫፍ መቁረጥ እሳቱ የጀመረውን መጨረስ ነው።

የነደደውን ሁሉ አለመልቀም። ደርቆ የቆመ ግንድ የወፍ ጎጆ ይሆናል፤ የወደቀ ግንድም በቁልቁለቱ ላይ አፈር ያግዳል። በቤት አጠገብና በመንገድ ዳር ለሰው የሚያሰጋው ብቻ ይነሣ። ከግንቦት ዝናብ በፊትም በቁልቁለቱ ላይ የድንጋይ ክትር በደቦ መሥራት ምንጮችን ከደለል ያድናል።

ውሾችን ማሰር፣ አደንን መከልከል። ውሻ የደከመውን እንስሳ ከመግደሉም በላይ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ዱር ያደርሳል። የቆሰለ አውሬ ሲገኝም ልጆች እንዳይነኩት አስጠንቅቆ ለወረዳው ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ከወፍ ጎጆ ጫጩቶችን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ የሚያዝዘው ሕግ (ዘዳ. 22፥6-7) የዘር ምንጭ እንዳይቋረጥ ያስተምረናል፤ ዘሩ በተመናመነበት ዓመትማ እንዴት አብልጠን አንጠነቀቅ?

ምግብ አለመስጠት። ለጦጣና ለዝንጀሮ ቆሎና ዳቦ መወርወር ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ነገ ወደ ማሳ ይመጣል፤ በማሳውም ይገደላል። ውኃ የሚጠጡበትን ምንጭ መንገድ ክፍት መተው ይበልጣል።

ለመትከል አለመቸኮል። አንድ ክረምት ጠብቀን ከሥሩ ምን እንደሚያቆጠቁጥ ብናይ፣ የት መትከል እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ባዶ በቀረው ስፍራ በሰኔና በሐምሌ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ እንትከል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል፤ ስፍራው ግን ማሳ ነው። ጠንካራ ዘሩ በእሳት ሙቀት ተነቃቅቶ ስለሚበቅል፣ በአጠገቡ ያለ ደን ከተቃጠለ የሀገር በቀሉን ቦታ እንዳይወስድ ችግኙን መንቀል ይገባል።

እሳቱ ዳግመኛ እንዳይነሣም እንትጋ። ማር የሚቆርጥ ሰው ጭሱን አጥፍቶ ይውረድ፤ ከሰል የሚያከስል ሰው ምድጃውን ሳይጠብቅ አይሂድ፤ እርሻውን በእሳት የሚያጸዳም በነፋስ ቀን አይለኩስ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ደረቅ ወራት በተራ ቢጠብቁ ታላቅ አገልግሎት ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ መዝሙረኛው ረጃጅሙን ተራራ ለዋልያ፣ ዐለቱንም ለሽኮኮ መጠጊያ አድርጎ የሰጠ እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል (መዝ. 103፥18)። ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደኖሩ ገድላቸው ይነግረናል። እኛ ወደዚያ የቅድስና ማዕርግ ባንደርስ እንኳ፣ አንድ ሸክም ድርቆሽ ለጎረቤታችን ሰጥተን አንድ ጋራ ለአንድ ክረምት ማሳረፍ አያቅተንም። ጎረቤታችንም ጋራውም በዚያ ይድናሉ።

ልመናችንን የሚሰማ፣ የአራዊቱንም ጩኸት የማይንቅ አምላክ ሀገራችንን ከእሳት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።