የተላጠ የቤት ቀለም አነሣሥ፤ ለሐይቅና ለአምባሰል ባለንብረቶች

ቤት ለባለቤቱ ሀብት፥ ለከተማው ጌጥ፥ ለነጋዴው ደግሞ የንግዱ መታወቂያ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች ግራና ቀኝ የተሠለፉት ሱቆች፥ ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች ለመንገደኛው አስቀድመው የሚያሳዩት ግድግዳቸውን ነው። ስለሆነም ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ የውስጡን ዕቃ ጥሩነት ሳይቀር ያሳማል።

ብዙ ባለንብረቶች በዓል ሲቃረብ የሚያደርጉት አንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዝተው በአሮጌው ላይ መደረብ ነው። ሥራው ፈጣን፥ ወጪውም ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ቀለም ከሥሩ ካለው አሮጌ ቀለም የበለጠ ሊጸና አይችልም፤ አሮጌው ሲረግፍ አዲሱንም ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌውን ማንሣት የሥራው ትርፍ ክፍል ሳይሆን መሠረቱ ነው።

ቀለም የሚላጥበት ዋናው ምክንያት ውሃ ነው። አሸንዳ ከሌለው የቆርቆሮ ክዳን የሚወርደው ዝናብ መሬቱን መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ያርሳል፤ መሠረቱም ከመሬት የሳበው እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል። ይህ እርጥበት ፀሓይ ሲያገኘው ለመውጣት ስለሚታገል፥ ቀለሙን ከኋላ ገፍቶ ያሳብጠዋል። በልስኑ ውስጥ ያለው ጨውም ከውሃው ጋር ወጥቶ በገጹ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት የዕቃዎች አለመስማማት ነው። በኖራ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ሲደረብ፥ ቀለሙ የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን የሚረግፈውን የኖራ ዱቄት ነው። ዘይት ቀለምም ባልደረቀ የሲሚንቶ ልስን ላይ ሲቀባ፥ የሲሚንቶው አልካሊ ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ያህል እንዲቆይ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው በመፋቂያ ሳይሆን በምርመራ ነው። በመጀመሪያ ግድግዳውን በእጅ መዳፍ ማሸት፤ መዳፉ ዱቄት ከያዘ ገጹ ረግፏል ማለት ነው። ቀጥሎ በምላጭ በቀለሙ ላይ የመስቀል ምልክት ቆርጦ፥ የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ በድንገት መሳብ፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከወጣ መነሣት ይገባዋል፤ ካልወጣ ግን ያ ቦታ ሳይፋቅ በመታጠብ ብቻ ሊቀባ ይችላል። በመጨረሻም ግድግዳውን በጣት አጥንት ማንኳኳት፤ የባዶ ቅል ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከግንቡ ስለለቀቀ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ልስኑንም ጭምር ማውረድ ግድ ይሆናል።

ወቅት መምረጥም የሥራው አካል ነው። ደቡብ ወሎ የበልግና የክረምት ዝናብ የሚያገኝ አገር ስለሆነ፥ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። አስቀድሞ ግን የውሃው መንገድ ይዘጋ፤ አሸንዳ ይሰቀል፥ የክዳኑ ቀዳዳ ይደፈን፥ በግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ይነሣ። የውሃውን መግቢያ ሳይዘጋ ቀለም የሚቀባ ሰው ገንዘቡን ለሚመጣው ክረምት ያበደረ ነው፤ ብድሩም አይመለስለትም።

ከዚህ በኋላ ግድግዳው በውሃ እየረጠበ፥ የለቀቀው ቀለም በስፓትላ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል፤ ስፓትላው ያልደረሰበትን የሽቦ ብሩሽ ያነሣዋል። ጸንቶ የቀረው ቀለም ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት፥ እርጥብ እንደ ሆነ፥ ካልተስተካከለ ድንበሩ ከአዲሱ ቀለም በታች ይታያል። ግድግዳው ታጥቦ ለጥቂት ቀናት ከደረቀ በኋላ ስንጥቁ ይሞላል። ለውጭ ግድግዳ መሙያ የሚሆነው በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ጄሶ በውሃ ስለሚለሰልስ ለውጭ አይሆንም። ከዚያም መነሻ ቀለም፥ በላዩም ሁለት እጅ የውጭ ቀለም በቀጥታ የቀትር ፀሓይ በማይመታበት ሰዓት ይቀባል።

ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት እየሳበና እየተነፈሰ የሚኖር ነው። ትንፋሹን የሚዘጋ ወፍራም ቀለም ሲቀባ፥ ውሃው በውስጥ ታምቆ ጭድ የገባበትን ጭቃና እንጨቱን ያበሰብሳል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በብዙ ውሃ ማጠብ ወይም በኀይል መፋቅ ጭቃውን ያወርደዋል፤ የለቀቀውን በቀስታ አንሥቶ፥ ቀዳዳውን በዚያው በጭድ ጭቃ መርጎ፥ በስስ ኖራ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል። ኖራ ዐይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

ከሁሉ የሚከብደው ነገር በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ ነው። በተለይ በበርና በመስኮት ላይ የተቀቡ ቢጫና ቀይ ዘይት ቀለሞች፥ እንዲሁም ለብረት ዝገት መከላከያ የዋሉ ቀይ መነሻ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በነጭ እርሳስ ቀለም አጠቃቀም ላይ ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር፤ አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 መሠረት፥ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት በግድግዳና በበር ላይ የተቀባውን ሊያነሣው አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ስለዚህ አሮጌን ቀለም ደረቁን መፈግፈግ ወይም በእሳት ማቃጠል አይገባም፤ አንዱ አቧራውን፥ ሌላው ጢሱን ለሠራተኛውና ለቤተ ሰቡ ያተርፋል። ከግድግዳው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ ሕፃናትና ዶሮዎች ይራቁ፤ በሱቅ ደጅ የተሰጣ እህልና በርበሬ ይነሣ። ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን አቧራ በሚከለክል ጭንብል ይሸፍን፥ ሳይታጠብም እህል አይቅመስ። ፍርፋሪው በላስቲኩ ተጠቅልሎ፥ በከረጢት ታስሮ፥ የከተማው አስተዳደር ለቆሻሻ በወሰነው ቦታ ይጣል እንጂ ወደ ቦይ አይጠረግ። የሐይቅ ውሃ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ጎርፍ ያስገባውን እርሳስ የሚያወጣለት ወንዝ ስለሌለ፥ በደለሉ ውስጥ ይከማቻል። ዓሣ የሚመገበውና ከውሃው የሚጠቀመው ደግሞ የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነው።

ስለ ወጪውም አንድ ስሌት እነሆ። 8 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የሱቅ ፊት 24 ካሬ ሜትር ነው፤ በርና መስኮቱ 4 ካሬ ሜትር ቢሆን 20 ካሬ ሜትር ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ያህል ቢሸፍን፥ ለሁለት እጅ 4 ሊትር ይበቃል። ይህ በየዓመቱ ለ5 ዓመት ቢደገም 20 ሊትር ይሆናል፤ የእጅ ዋጋውም 5 ጊዜ ይከፈላል። በሚገባ ተፍቆ አንድ ጊዜ የተቀባ ግድግዳ ይህን ዘመን ቢያልፍ፥ የተረፈው 16 ሊትርና የ4 ጊዜ የእጅ ዋጋ የመፋቂያውን ወጪ ይከፍላል።

ከቀለም ቀቢ ጋር ሲዋዋሉም መፋቅ፥ ማጠብ፥ መሙላት፥ መነሻ ቀለምና የመጨረሻ ቀለም እየተለዩ ይጻፉ። ሁሉም በአንድ ዋጋ በካሬ ሜትር ብቻ ከተዋዋሉ፥ ቀቢው የሚያተርፈው በመፍጠን ስለሆነ በቅድሚያ የሚቀረው መፋቁ ነው። ባለንብረቱ መነሻ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የተፋቀውን ግድግዳ አይቶ፥ በእጁ አሽቶ፥ ከዚያ የመጀመሪያውን ክፍያ ቢፈጽም ክርክር ይቀንሳል። ቀለም ነጋዴውም ለደንበኛው የቀለሙን የእርሳስ መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ማቅረብ ቢለምድ፥ የሸማቹን ጤና ሲጠብቅ የራሱንም ስም ይጠብቃል።