በጋውን የሚተኙ አበቦች ለወልቂጤና ለቡታጅራ ግቢ

ቅጠላቸው ደርቆ ከምድር ገጽ ሲጠፋ የሞቱ የሚመስሉ፣ ግን አፈር ውስጥ በሕይወት የሚቆዩ አበቦች አሉ። አንዳንዶቹ እንደ ሽንኩርት በተደራረበ፣ ሌሎቹ እንደ ድንች በደነደነ አካል ውስጥ ምግብና ውሃ አጠራቅመው የማይመቻቸውን ወቅት በእንቅልፍ ያሳልፋሉ። ወቅቱ ሲመለስ በዚያው ስንቅ ፈጥነው አድገው ያብባሉ። ለግቢው ከእነዚህ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቀለማቸውንና ቁመታቸውን ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተክሉ የሚተኛው ምንን ሸሽቶ ነው፣ ለማበብስ ብርድ ይፈልጋል? ለማበብ ረጅም ብርድ የሚፈልግ አበባ በወልቂጤና በቡታጅራ አይበረክትም። ብርድ ሳይፈልግ ድርቅን ሸሽቶ የሚተኛ ግን የአካባቢውን በጋ ያለ ውሃ አልፎ ከዝናቡ ጋር ይነሳል።

በዓለም ስሙ የገነነው ቱሊፕ ከመጀመሪያው ወገን ነው። የዘር አገሩ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ስለሆኑ በደንብ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት ይፈልጋል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ከዘቢዳር ግርጌ ያለችው ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ነውና አፈሩ ለወራት በዚያ መጠን ቀዝቅዞ አይቆይም። ታዲያ ለምን በፍሪጅ አቀዝቅዘን አንተክለውም የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ነገር ግን አንዴ ካበበ በኋላ ሽንኩርቱ በሙቀቱ እየመነመነ ስለሚሄድ ለከርሞው ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ወጪው በየዓመቱ የተቆረጠ አበባ ከመግዛት አይለይም።

ሁለተኛው ወገን ከሩቅ መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። በአውሮፓ ገበያ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ እየተባለ የሚሸጠው፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ጠቆር ያለ ቀይ የሆነው መዓዛማ አበባ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ማላዊ ባለው ደጋና ወይና ደጋ በዱር የሚበቅል ነው። የኔዘርላንድ አትክልተኛ ውርጩ እንዳይገድልበት በየዓመቱ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ እዚህ ግን ውርጩ ስጋቱ አይደለም። ኳስ መሳይ ቀይ አበባ የሚያወጣው ስካዶክሰስም የአገራችን ተክል ነው። በደን ጥላ ሥር መኖር ስለለመደ ፀሐይ ለማይበዛበት የግቢ ጥግ ይስማማል። ከውጭ ከመጡት ደግሞ ዳሊያ ጥሩ ምርጫ ነው፤ መነሻው የሜክሲኮ ደጋ ሲሆን ዋናው ዝናብ እዚያም እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ስለዚህ የዝናብ አቆጣጠሩን ይዞልን ይመጣል ማለት ይቻላል።

ሆኖም የአካባቢው ዝናብ አንድ አይደለም፤ ከክረምቱ በፊት በልግ አለ። መሬት ውስጥ የቀረ ግላዲዮለስ በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ነቅቶ ክረምቱ ሳይገባ አብቦ ሊጨርስ ይችላል። ይህ በጉራጌ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተሰብ ከየአገሩ ተሰባስቦ፣ ግቢው ጸድቶ እንግዳ የሚጠብቀው በመስቀል ነውና። ተራው የግላዲዮለስ ዝርያ ከተተከለ በኋላ በ70 እና በ100 ቀናት መካከል ያብባል። ስለዚህ ለመስቀል እንዲደርስ ቅጠሉ ሲደርቅ ሥሩን አውጥቶ፣ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ አቆይቶ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መጨረሻው ባለው ጊዜ መትከል ያዋጣል። ቡታጅራ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ቀደም ማለቱ ይሻላል። ውሃ የሚቋጥር መረሬ አፈር ባለበት ግቢ ደግሞ መደቡን ከፍ ማድረግ የግድ ነው፤ በእንቅልፍም ሆነ በእድገት ጊዜ እነዚህን ተክሎች ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው የረጋ ውሃ ነው።

ጓሮ ለእንሰት፣ ለጎመንና ለቡና እንጂ ለአበባ አይበቃም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። የእነዚህ አበቦች ጥቅም ግን የሚታየው ልክ ቦታና ውሃ ሲጠብ ነው፤ በአጥር ሥር ባለች ጠባብ መስመር ይበቃቸዋል፣ በበጋ ውሃ አይሻሙም፣ በየዓመቱም ይባዛሉ። አያያዛቸውም ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። የእንሰት ገበሬ የለጋ እንሰት አምቾ ላይ መሐል ቡቃያውን አጥፍቶ ሲቀብረው ከጎኑ ብዙ ችግኝ ይወጣል። የአበባ አርቢዎችም ሃያሲንት የተባለውን አበባ የሚያራቡት የሽንኩርቱን ሥረ መሠረት ቦርቡረው በማውጣት ነው፤ በሁለቱም ዋናው ቡቃያ ሲወገድ የተጠራቀመው ምግብ አዳዲስ ቡቃያ ያስነሳል።

ከቦታው ጥያቄ የሚከብደው የመርዝ ጉዳይ ነው። ስካዶክሰስ፣ አማሪሊስና በልማድ የጅብ ሽንኩርት ከሚባሉት መካከል ያለው ክራይነም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ሲሆኑ ሥራቸው ሰውንም ከብትንም ይመርዛል። ሕፃን አፈር በሚጭርበት ወይም ጥጃ በሚታሰርበት ቦታ አይተከሉ፤ ከወጥ ቤት ሽንኩርት ጋርም ፈጽሞ አይቀመጡ። ከሕፃንና ከከብት የራቀ ቦታ የሌለው ግቢ ዳሊያን ቢመርጥ ይሻለዋል። በዱር የሚበቅሉትንም ከጫካ መንቀል አይገባም፤ አንድ ሥር ሲወጣ የዓመታት ስንቅ አብሮ ይጠፋል፤ ዘር መሰብሰብ ወይም ካባዛ ሰው መውሰድ ይበቃል።

ሲገዙም የሚቀድመው ፎቶው አይደለም። ጠንካራ፣ ለመጠኑ ከበድ ያለና ሻጋታ የሌለበትን መምረጥ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዓመት አበባ የሚመጣው በውስጡ ካለው ስንቅ ነውና። ዳሊያ ከሆነ ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው አንገትና ዓይኑ መኖሩን ማየት ይገባል፤ ያለ እሱ የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም። ከሁሉ በፊት ግን ሻጩ የሚጠየቀው ተክሉ በየትኛው ወቅት እንደሚተኛና ለማበብ ብርድ ይፈልግ እንደሆነ ነው። የሚተኛው በእኛው ደረቅ በጋ ከሆነና ብርድ የማይፈልግ ከሆነ፣ ያ አበባ ለወልቂጤም ለቡታጅራም ይሆናል።