ራዲያተሩ እምቢ ቢል ከሰል እንዳታያይዙ!

ፍራንክፈርት የገባ ሁሉ ሞቆት የሚያድር ይመስለናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነጭ ብረት፣ ራዲያተር የሚሉት፣ አልሞቅም ካለ እቤት ውስጥ ካፖርት ለብሶ ማደር ይመጣል።

አንዲት የ24 ዓመት ወጣት በጥር ብርድ የገጠማት ይኸው ነው። ራዲያተሩ ከታች ለብ ይላል፣ ከላይ በረዶ ነው። መዘውሩን 5 ቁጥር ላይ አድርጋ ሦስት ሌሊት ጠበቀች፤ ወይ ፍንክች! ለእናቷ በስልክ ብትነግራቸው «ምነው ልጄ፣ ያንን የቡናሽን ከሰል አያይዘሽ ክፍልሽ አታስገቢም?» አሏት። የእናት አንጀት ነው፤ ምክሩ ግን ገዳይ ነው።

ደግነቱ ከላይዋ ማሞቂያ በመጠገን የሚተዳደሩ አንድ ሐበሻ ይኖሩ ነበር። «ጋሼ፣ ለዛሬ ከሰል ባያይዝስ?» ብትላቸው «አብደሻል እንዴ! ጠዋት ሬሳሽን ላውጣ?» ብለው ጮኹባት።

እውነታቸውን ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ከዚያ መንቃት የለም። የፈረንጅ መስኮት ደግሞ ሲዘጋ ጥርቅም ነው። እዚህ አዲስ አበባም በክረምት ምድጃ አስገብታችሁ በር የምትዘጉ፣ ለእናንተም ነው።

ሰውየው ራዲያተሩን ዳሰስ አደረጉና «አየር ይዟል» አሉ። ሙቅ ውሃ በውስጡ ካልዞረ ብረቱ አይሞቅም፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ የውሃውን ቦታ ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማሞቂያው ይጠፋና ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ሙቁ ውሃ ፊት ላይ ቢፈናጠር ያቃጥላልና በዚህ ቀልድ የለም። ከራዲያተሩ ጫፍ ላይኛው በኩል አራት ማዕዘን ራስ ያላት ትንሽ ብሎን አለች። ለእሷ የተሠራው ቁልፍ ዕቃ መደብር በጥቂት ዩሮ ይገኛል። ከሥር ኩባያና ጨርቅ ይዞ ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል ማላላት ነው፤ ብሎኗን ነቅሎ ማውጣት ግን አይገባም። «ስስስ» እያለ አየሩ ይወጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ መምጣት ሲጀምር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የውሃው ግፊት ስለሚወርድ ሕንፃውን ለሚጠብቀው ሰው መንገር ነው። የራሱ ቦይለር ያለው ቤት ከሆነ ቆጣሪው ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት።

ከላይ ሞቆ ከታች ከቀዘቀዘስ? ያኔ ችግሩ አየር ሳይሆን ከሥር የተኛ የዝገት ጭቃ ነው። እሱን ባለሙያ ይጠበው። የሌላው ክፍል እየሞቀ አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ መዘውሩ ሥር ያለችው ቀጭን ዘንግ በበጋ ተጣብቃ ቀርታ ይሆናል። መዘውሩን አውልቆ ዘንጓን ቀስ ብሎ ገፋ መለስ ማድረግ ነው፤ በፒንሳ ጎትቶ የነቀላት ቤቱን ውሃ በውሃ ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ 5 ቁጥር ቶሎ አያሞቅም። 3 ማለት 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቁም ማለት ነው፤ 5 ደግሞ እስከ 28 ድረስ አታቁም። ሂሳቡ ሲመጣ ነው የሚያቃጥለው! መጋረጃውን መዘውሩ ላይ የምትጥሉም አላችሁ። መዘውሩ ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነውን ሙቀት ለክቶ «ቤቱ ሞቋል» ይልና ይዘጋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሞቀ? ሐበሻ በሰው አገር አከራይ ይፈራል፤ «ቢያስወጣኝስ» ብሎ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ዝም ይላል። ጀርመን ውስጥ ግን ቤት ማሞቅ የአከራዩ ግዴታ ነው። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ፍርድ ቤቶች ቀን ላይ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ይጠብቃሉ። ጉድለቱን ወዲያው በጽሑፍ፣ ቀን ጽፎ ማሳወቅ ነው፤ ቅጂው እጅ ላይ ይቅር። ሕጉ ኪራይ እስከ ማስቀነስ ይፈቅዳል፤ ግን በራስ ግምት ከመቁረጥ በፊት በየከተማው ያለውን የተከራዮች ማኅበር ማማከር ይሻላል።