ለናዝሬት ወጥተን ሐረር አደርን



በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ እሁድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስንነሳ መድረሻችን ናዝሬት ነበር። የዘመድ ኒካሕ ስለነበረብን ምሳ በልተን፣ ዱዓ አድርገን ልንመለስ ነው ያሰብነው። በአሮጌዋ ቶዮታችን ውስጥ እኛ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆቻችንና እናታችን ነበርን። ለአዳር የሚሆን የሕፃኗ ብርድ ልብስና አንድ መስገጃ ብቻ ነው የያዝነው።

ከኒካሑ በኋላ መኪናችንን ልናዞር ስንል እናታችን ከኋላ ወንበር፣ «ይኼ መንገድ ሐረር ያደርሳል አይደል?» አሉ። ጀጎል ውስጥ ተወልደው በ14 ዓመታቸው ተድረው ከወጡ 46 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በየዓመቱ «ኢንሻአላህ ለከርሞ» እንላቸዋለን። በዚያ ሰሞን ግን ሐኪሙ ዓይናቸውን አይቶ፣ ብርሃኑ እየደከመ እንደሚሄድ ለእኛ ነግሮን ነበር። ሰኞ የሥራ ቀን ነው፤ የትልቁ ልጅም ትምህርት አለ። እርስ በርስ ተያየን፤ ከዚያ ወደ አዋሽ አቀናን።

አዋሽ ላይ ዙህርን ከዐስር ጋር አሳጥረን ሰገድን። አሰበ ተፈሪ የደረስነው ከመግሪብ በኋላ ነው። ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። አልጋ የጠየቅንባቸው ሁለቱም ሆቴሎች ምድር ቤታቸው መጠጥ ቤት ነው። በሦስተኛው ያየነውን አለመናገር ይሻላል። ልጆቹ አለቀሱ፤ እኛም ያለ ዕቅድ በመውጣታችን መጸጸት ጀመርን። ውሃ የገዛንበት ባለሱቅ ሁኔታችንን አይቶ ሱቁን ዘጋና፣ ትርፍ ክፍላቸውን ለመንገደኛ ወደሚያከራዩ አንድ ሐጂ ቤት ወሰደን።

ሁለት ንጹሕ ክፍሎች፣ ለውዱእ በጀሪካን የተሞላ ውሃ፣ ቂብላውን ሳንጠይቅ የተነጠፈ ሰሌን አገኘን። ጠዋት ትኩስ ቂጣ በቅቤና በማር፣ ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃም ቀረበልን። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን ማደሪያ «አልጋና ቁርስ» ይሉታል፤ ብዙ ቤተሰብ በትርፍ ክፍሉ መንገደኛ እያሳደረ ይተዳደርበታል። ሐጂው ግን የአልጋውን ብቻ ተቀብለው የቁርሱን መለሱልን። «ቁርስ የእንግዳ ሐቅ ነው» አሉ። ብንከራከርም አልቻልናቸውም።

በማግሥቱ ሒርናን አልፈን ጨለንቆ ደረስን። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ቦታ ነው። እናታችን እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ቀሩ፤ እስከ አወዳይም አልተናገሩም።

ሐረር ስንገባ መኪናችንን በር ላይ ተውናት፤ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ለመኪና አልተሠሩም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ያቀፈው ይህ ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እናታችን ግን የፈለጉት አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጠይቀን ጠይቀን አገኘነው። በብሎኬት እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ የቆርቆሮ በር ተገጥሞለታል። ጥቂት ቆመው አዩትና «ይኼ አይደለም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ባንመጣ ይሻል ነበር አልን።

የምናድርበትን ቤት ያገኘነው ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ነው። የጥንቱን የሐረሪ ቤት ሳያፈርሱ ለእንግዳ ያዘጋጁ አንዲት አሮጊት ተቀበሉን። ዋናው ክፍል አምስት መደቦች አሉት፤ እያንዳንዱም እንደ ዕድሜና እንደ ክብር የሚቀመጥበት አለው። መደቦቹ ቀይ ተቀብተዋል፤ ቀለሙ የጨለንቆ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። አሮጊቷ በሐረሪ ቋንቋ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁ። እናታችን ቋንቋው ተደነቃቀፈባቸው፤ የአባታቸውን ስም ሲጠሩ ግን አሮጊቷ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ላይኛው መደብ አወጧቸው።

እናታችን በግድግዳው ላይ ያሉትን የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች በእጃቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። አሥራ አንድ። «እኛም ቤት አሥራ አንድ ነበር፤ በዚህኛው እናቴ ቁርኣን ታስቀምጥ ነበር» አሉ።

አንድ ሌሊት ልናድር አስበን ሦስት አደርን። ለአለቃችን ስልክ ደውለን የሰማነውን ቁጣ ለራሳችን እናስቀረው። ጠዋት ጠዋት ፈጢራ በማር እየበላን፣ ሁለቱ እናቶች የሞቱትንና ያሉትን ጎረቤቶች በስም እያነሱ ሲጫወቱ እንሰማለን። ሐሙስ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ «እንግዲህ እንሂድ» ያሉት ራሳቸው እናታችን ናቸው።