ከሩጫው ቀን በፊት

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው መካከል ላይ ግንደወይንን ያገኛል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባለፈው ግንቦት በሥራ ምክንያት ጥቂት ቀን ሰንብተንባት ነበርና፣ አንድ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብለን ስንንሸራሸር በመንገዱ ዳር የሚሮጥ ወጣት አየን። በሬዎቻቸውን ወደ እርሻ የሚነዱ አንድ ሽማግሌም አይተውት ኖሮ፣ «ምነው ልጄ፣ ደኅና አይደለም ወይ? ማን ያባርርሃል?» ሲሉ ጠየቁት። እርሱም ፈገግ ብሎ፣ «ማንም አያባርረኝ አባባ፣ ለውድድር እየተዘጋጀሁ ነው» ቢላቸው፣ «እንግዲያማ እግዜር ይቅደምልህ» ብለው አለፉ።

ይኸው ወጣት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሥራ የያዘ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው መሆኑን የተረዳነው ማታ ሻይ ቤት አብረን ስንቀመጥ ነው። የሚዘጋጀው ለማራቶን፣ ማለትም ለ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተዘጋጅቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ትቶታል። «እግሬስ አልከዳኝም፤ የከዳኝ ልቤ ነው» አለን። ለመሳቅ አልደፈርንም። እኛም በተማሪነታችን ለፈተና ስናጠና ከርመን፣ በዋዜማው ሌሊት ያጠናነው ሁሉ ከራሳችን የጠፋ እየመሰለን ዓይናችንን ሳንከድን ያነጋንበትን ቀን አንረሳውምና።

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው የባዶ እግሩን ነገር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት ሁሉም ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ በሚልበት ምሽት፣ ዓለም የማያውቀው አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር በሮማ ከተማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ፈጽሞ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ነገሩ እንደ ተአምር ተወራ። ለሯጩ ግን ተአምር አልነበረም። በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸንፎ ነበር። ሁለተኛውን የፈጸመው በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰኮንድ ሲሆን፣ ይህም ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ የፈጠነ ነው። ያውም አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ! ሮማ ዝቅተኛ ቦታ ናት፤ ሳንባ አይጨንቃትም። እንግዲህ ሂሳቡ ተሠርቶ ያለቀው ሯጩ ገና ከአገሩ ሳይወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ጫማውም ቢሆን እንዲሁ ነው። እዚያ የተገኘው አዲስ ጫማ ስላልተስማማው ትቶ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ በባዶ እግሩ መሮጥን ደግሞ በልምምድ ያውቀዋል። ለተመልካች እንግዳ የሆነው ነገር ለእርሱ የዘወትር ነገር ነበር። መንገዱንም ቢሆን ከስዊድናዊው አሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር አስቀድሞ አይቶታል። በመጨረሻው ግድም ፋሺስቶች የወሰዱት፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞ ነበርና፣ ኃይሉን የሚያወጣው እዚያ አካባቢ እንዲሆን ቆርጠው ነበር። ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም የተለየውም በዚያው በመጨረሻው ግድም ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ሲደግመው፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት 40 ቀን አልሞላም ነበር። ይህን ሰምቶ ታሞ ለመሮጥ የሚነሣ አንባቢ እንዳይኖር እንፈራለን። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ እኮ ይኸው ሰው እግሩን ስለ ታመመ 17 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ከውድድሩ ወጥቷል፤ ወርቁን ለኢትዮጵያ ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። አበበ በመውጣቱ አበበነቱ አልጎደለም።

ለግንደወይኑ ወዳጃችን ይህን ሁሉ ከነገርነው በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን ያደርግ እንደ ነበር ጠየቅነው። አሠልጣኞች እንደሚመክሩት ረጅሙን ሩጫ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ 30 ኪሎ ሜትር ግድም አድርሶ፣ ውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሰውነቱ እንዲያርፍ ሩጫውን ቀንሷል። ደግ አደረገ። ነገር ግን የለመደው ድካም ሲቀር እግሩ የከበደ፣ ጉልበቱም የላላ መሰለው፤ 42ቱን ሙሉ ሮጦት ስለማያውቅ፣ «የቀረውን 12 በምን እዘልቀዋለሁ?» እያለ ሌሊት ሲገላበጥ ያድር ጀመር። ሁለት ጊዜ የተወውም በዚሁ ሳምንት ነው። ለካስ ፍርሃቱ የመጣው ሥራው ከተሠራ በኋላ፣ በዕረፍቱ ቀን ኖሯል!

የ12ቱ ኪሎ ሜትር ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስንቅ ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ማለቅ ይጀምራል፤ ሲጀምር ከብዙ ሰው ጋር የሚሽቀዳደም ሰው ስንቁን ቀድሞ ይጨርሰዋል። መድኃኒቱም ሲነሡ ዝግ ማለት፣ በመንገድም ውኃና ጣፋጭ ነገር መቅመስ ነው። ልብን ግን በስኳር አይደግፉትም።

«የሰው አቤቱታ ሁሉ ቀንና ቁጥር እየሰጠህ ትመዘግባለህ፤ የራስህን ሩጫ የጻፍክበት መዝገብ አለህ?» አልነው። የለውም። ስልኩ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥርለታል፣ እርሱ ግን ተመልሶ አያየውም። ዝናብ የያዘውን ቀን፣ ዳገቱን የጨረሰበትን ቀን፣ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰበትን ቀን ሳይቀር እንዲጽፍና በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ያለው እንደ ሆነ ያንን እንዲያነብ መከርነው። ጥቂት አሰበና፣ «የተመለስኩበትንም?» አለ። «እርሱንማ በተለይ፤ በማግሥቱ እንደገና መውጣትህንም ጨምረህ» አልነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ከከተማው እንደ ወጣን ከፊታችን ሲመጣ አየነው። በመስኮቱ እጃችንን ብናወጣለት ሰዓቱን እየተመለከተ ነበርና ቀና ሳይል አለፈን።