ገንዘቡ ከግንቡ ቀድሞ እንዳያልቅ

ሰቆጣ ላይ ቤት ማሠራት ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው ይገኛል፤ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ቆርቆሮው ግን በጭነት መኪና ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመጣል። አባት ከሱቁ፣ እናት ከእቁቧ፣ ልጅ ከዓረብ አገር ያጠራቀሙት ገንዘብ ባንድ ቀን ከተቋራጭ እጅ ሲገባ ልብ መፍራቱ አይቀርም። «ግማሹን አሁን ስጡኝ» ይላል ተቋራጩ። እርሱስ ምን ያድርግ? ቅዳሜ ሲደርስ የቀን ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር ልናወያያችሁ የወደድነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ሰለም በሚባለው ውል፣ በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ፣ ዋጋው ቀድሞ ተሟልቶ መከፈል አለበት። «ሠርተህ አስረክበኝ» የሚባለው ኢስቲስናዕ ግን ሰፋ ያለ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ዋጋውን በሙሉ ማዘግየትም ሆነ በታወቁ ጊዜያት ከፋፍሎ መክፈል እንደሚቻል ገልጿል። ክፍያን ከሥራው ደረጃ ጋር ማያያዝም ደረጃው ግልጽ ሆኖ ለጭቅጭቅ በር እስካልከፈተ ድረስ ይፈቀዳል።

እንበልና የውሉ ዋጋ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ለዕቃ መግዣ 150,000 በቅድሚያ ይሰጣል። መሠረቱ ሲያልቅ 250,000፣ ግድግዳው ሲያልቅ 250,000፣ ቆርቆሮው ሲመታ 200,000፣ ልስኑ፣ በሩና መስኮቱ ሲጠናቀቅ 100,000 ይከፈላል። የቀረው 50,000 አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይቆያል። ጣሪያ ማፍሰስ አለማፍሰሱን የሚነግረን ዝናቡ ነውና!

መንግሥትም ለራሱ ሥራ ጥንቃቄ አይለየውም፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ግዥ መመሪያ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው «አለቀ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ግድግዳው እስከ መስኮቱ አናት ነው ወይስ እስከ ጣሪያው? ለክቶ የሚመሰክረው ማን ነው? ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ግንበኛ ከመጀመሪያው ቢመረጥ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ለክቶ «ደርሷል» ካለ ደግሞ አሠሪው ገንዘቡን ማዘግየት የለበትም። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ የሰው ላብ መያዝ በደል ነው፤ ሠራተኛው ሲበተንም የሚጎዳው ያው ጅምሩ ቤት ነው።

ያልታሰበ ነገርም ይመጣል። ዋግ ኽምራን ከትግራይ በሚያዋስነው የተከዜ ሸለቆ የተሠራው ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈርሞ ሥራው የተጠናቀቀው በ2009 ነው። በ2008 የተራራው ጎን ተንዶ በዕቅድ ያልነበረ የመደገፊያ ግንብ መሥራት ግድ ሆነ፤ ወጪውም ጨመረ። በአንድ ቤትም መሠረት ሲቆፈር አፈሩ ልል ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ጭማሪው ከመሠራቱ በፊት ዋጋው ለብቻው ይጻፍ፤ ከተሠራ በኋላ የሚደረግ ድርድር ወዳጅን ያጣላል።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 3039 ደግሞ ሠሪው ለሕንፃው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ጥቂት ነው።

ውሉ ሲፈረም አንድ ቅጂ ባሕር ማዶ ላለችው ልጅም ይላክላት፤ በየደረጃው ከምትልከው ገንዘብ በፊት የግንቡ ፎቶግራፍ ይድረሳት።